መመሪያ ያልነበረው ካሴት

በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የነበረ፣ ቪዲዮ ጌም የነካ ሰው ቢጫውን ካሴት አይረሳውም። ፊቱ ላይ «9999 በ1» ይላል። ያን ያህል ጨዋታ ግን የለበትም፤ ጥቂት ደርዘን ቢሆን ነው። የቀረው ያው ጨዋታ ስሙ ተቀይሮ፣ ወይም ከመሐል እንዲጀምር ተደርጎ፣ ደጋግሞ የተደረደረ ነው። ሣጥን የለው፣ መመሪያ የለው፣ ሠሪው ማን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለው። የሚሰካበት ማሽንም ኒንተንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው «ፋሚኮም» ሳይሆን ቅጂው ነው። ቅጂ ማሽን፣ ቅጂ ካሴት፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉት ጥቂት ቃላትም ብዙዎቻችን በማናነበው ቋንቋ።

ይህም ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓት የጌም ቤቱን መጋረጃ ገልጦ የገባ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ቤቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ግቢ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ አንድ ወፍራም ቲቪ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ፣ ሳንቲም የሚሰበስብ አንድ ጎረምሳ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት «ዝለል! ኧረ ዝለል!» እያሉ ያስተምሩት ነበር እንዳትሉኝ። ያስተምራሉ፤ እነሱንስ ማን አስተማራቸው? ካሴቱን መርካቶ ሄዶ የገዛው ጎረምሳም ከሻጩ የሰማው ነገር ቢኖር ዋጋውን ብቻ ነው።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሚነሳው ናፍቆቱ ነው። ናፍቆቱ እኔም አለኝ። ዛሬ ከካሴቱ ጨዋታዎች አንዱን በአዋቂ ዓይን ቀርቤ ስመለከተው ግን ከናፍቆቱ ይልቅ የሚይዘኝ የእጅ ሥራው ነው። ያስተማረን ጨዋታው ራሱ ነበር። መመሪያው ከካሴቱ ቢጠፋም ከጨዋታው አልጠፋም፤ በጡቡ ቁመት፣ በቱቦው ቦታ፣ በድምፁ ውስጥ ተሰፍቶ ነበርና። ሠሪዎቹ ሥራቸው ያለ አንዲት ማብራሪያ አራት ኪሎና ኮልፌ ይደርሳል ብለው አላሰቡም። ደርሶ ግን ፈተናውን አለፈ።

የምናገረው ስለ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው። ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1985፣ በእኛ መስከረም 3 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። ነዳፊዎቹ ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ ናቸው፤ ሙዚቃው የኮጂ ኮንዶ ነው። ስቴጆቹን የነደፉት ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእጃቸው እየሳሉ ነበር፤ ያንን ወረቀት ፕሮግራመሮች ወደ ቁጥር ይለውጡታል። ስምንት ዓለም፣ በየዓለሙ አራት አራት ስቴጅ፣ በድምሩ 32። ሠላሳ አንዱን ለጊዜው ልተወውና ስለ መጀመሪያው ላውራ።

ማሪዮ በስክሪኑ ግራ በኩል ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቆሟል። ከፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። ወደ ግራ ቢሄድ ጠርዙ ያግደዋል፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ተማሪው ግን እየተማረ መሆኑን አያውቅም። ትንሽ እንደተራመደ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሣጥን ከበላዩ ብልጭ ድርግም ይላል። ወዲያው ደግሞ ከፊት ለፊት ቅንድቡን ያኮሳተረ ቡናማ ነገር እየተንገዳገደ ይመጣበታል። ጉምባ ይሉታል። ዝም ብሎ የቆመ ይሞታል፤ ጨዋታው ገና መጀመሩ ስለሆነ ግን የሚያጣው ነገር የለም። (በእኛ ቤት ተራውን ነው የሚያጣው፤ ይህን ጃፓኖቹ አላሰቡበትም።) ቁልፍ የነካ ይዘላል። ሲዘል ወይ ጉምባው ላይ ያርፍና ይጨፈልቀዋል፣ ወይ በጭንቅላቱ ሣጥኑን ይመታና ሳንቲም ይወጣለታል። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ አንድ ነገር ሳያውቅ አያልፍም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው እኔ በተለይ የማደንቀው። ጡቦችና ሣጥኖች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ከአንዱ ሣጥን እንጉዳይ ይወጣል። ልጁ አሁን ጉምባን አይቷል፤ እንጉዳዩም ራሱ ሰፊ፣ እግሩ አጭር፣ ቅርጹ ከጉምባ ብዙ የማይለይ ነው። ስለዚህ ሊሸሸው ይፈልጋል። ሠሪዎቹ ይህን ፍርሃት አስቀድመው አስበውታል። እንጉዳዩ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከልጁ ይርቃል፤ ልጁም እፎይ ይላል። ከረድፉ ጫፍ ወድቆ ጥቂት እንደተጓዘ ግን አረንጓዴው ቱቦ ያጋጥመውና ነጥሮ ይመለሳል፤ ቀጥታ ወደ ልጁ። ልዝለለው ቢል ከራሱ በላይ ጡብ አለ፤ ጭንቅላቱ ጡቡን መትቶ ተመልሶ እንጉዳዩ ላይ ያርፋል። ማሪዮም ያድጋል። ሚያሞቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ መሆኑን በቃለ መጠይቅ አስረድቷል። ቱቦው እዚያ የቆመው ለጌጥ አይደለም። ጡቦቹም በዚያ ቁመት የተሰቀሉት በአጋጣሚ አይደለም። «እንጉዳይ ይጠቅማል፣ አትፍራው» የምትለውን ነገር ያለ ፊደል ለመናገር የተደከመ ድካም ነው።

በዚያው ስቴጅ ወደ ማብቂያው ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ አንዱ የሚያስወጣ፣ ሌላው የሚያወርድ። በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ ከክፍተቱ ሥር ግን መሬት ነው። ዝላዩን የሳተ ይወድቃል፣ ምንም አይሆንም፣ ዘሎ ይወጣል። ጥቂት ራመድ እንዳለ ያው ደረጃና ያው ክፍተት ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ እንደገና ይመጣል። አሁን ግን ከሥሩ ገደል ነው። ልምምዱ አልቆ ፈተናው ገባ ማለት ነው፤ ደወል አልተደወለም፣ ማስታወቂያ አልተለጠፈም። የልጅነት የሂሳብ መጽሐፋችንን ያዘጋጁት ሰዎች ይህችን ስቴጅ አንድ ጊዜ ቢጫወቷት ምን ነበረበት እላለሁ።

ዝላዩ ራሱን ችሎ የሚታይ ሥራ ነው። ቁልፉን ነካ አድርጎ የለቀቀ አጭር ይዘላል፤ ተጭኖ የያዘ ከፍ ይላል። በውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ማሪዮ እየወጣ ሳለ ጣት ቁልፉን ይዞ እስከቆየ ወደ ታች የሚስበው ስበት ደካማ ነው፤ ጣት ሲነሳ ወይም መውረድ ሲጀምር ስበቱ ይበረታል። ስለዚህ መውረዱ ከመውጣቱ ይፈጥናል። ሮጦ የዘለለ ቆሞ ከዘለለው የበለጠ ከፍታ ያገኛል። አየር ላይ ሆኖ ሐሳቡን የቀየረ አቅጣጫውን መለወጥ ይችላል። በሙሉ ሩጫ ላይ ድንገት የዞረ ደግሞ ወዲያው አይታዘዝለትም፤ ጫማው እየተንሸራተተ ነው የሚዞረው። የፊዚክስ መምህር ይህን ቢያይ ግማሹን በቀይ ብዕር ይሰርዘዋል። ለጣት ግን እውነት ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ልጅ ገደል ሲመጣ ጆይስቲኩን ይዞ ከነትከሻው ብድግ የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቁልፉን የመያዝና የመልቀቅ ልክ ከጣቱ አልፎ ወደ ገላው ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሥዕላቸው እጅግ ያማረ፣ ዝላያቸው ግን ሕይወት የሌለው ጨዋታዎች በየዓመቱ ሲወጡ አይቻለሁ። ሥዕል በገንዘብ ይገዛል፤ ዝላይ ግን ቁጥሩን አንድ በአንድ እየለወጠ፣ እየሞከረ፣ እንደገና እየለወጠ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ያረፈው በ40 ኪሎባይት ውስጥ ነው፤ 32ቱ ለፕሮግራሙ፣ 8ቱ ለሥዕሉ። ለመገመት ያህል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ብቻውን የዚያን ፕሮግራም ግማሽ መጠን ያልፋል። ሠላሳ ሁለቱ ስቴጆች፣ ሙዚቃው፣ የዝላዩ ሕግ፣ ጠላት የሆኑት ኤሊዎች ጠባይ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተጠቅልለዋል።

ቁጠባው ቀርቦ ላየ ብቻ ነው የሚታየው። ሰማዩ ላይ ያለው ደመናና መሬቱ ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ ከመቀባቱ በቀር። ያን ሁሉ ቅዳሜ ፊታችን ሲያልፉ አይተናቸው አንዳችንም አልነቃንም። ጉምባው ሲራመድ የምናየው ሁለት እግር የሚያነሳ ፍጥረት ቢመስለንም ሥዕሉ አንድ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ግራ ቀኙን እያገላበጠ ያሳየናል፣ ዓይናችን ርምጃ ነው ብሎ ይቀበላል። ጉምባ ከጠላቶቹ ሁሉ መጨረሻ የተፈጠረ ነው። ኤሊው በጀርባው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሲረገጥ ተደብቆ፣ ሲመታ ተንሸራትቶ ለጀማሪ ስለከበደ ቀለል ያለ ጠላት አስፈለገ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ቦታ ተጣቧል። አንዲት ሥዕል ገልብጦ ሁለት ማድረግ ቁራጭ ጨርቅ የማይጥል ልብስ ሰፊ የሚያስበው ዓይነት ነገር ነው።

ማሪዮ ራሱም እንዲሁ በችግር የተሳለ ሰው ነው። መጀመሪያ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» በተባለ፣ ሳንቲም እየጎረሰ በሚሠራ የአርኬድ ማሽን ላይ ነበር። ባርኔጣ የደፋው ሲዘል የሚንቀሳቀስ ፀጉር መሳል ስላስቸገረ ነው። ጢሙ አፍንጫውን ያጎላል፣ አፍ ከመሳልም ይገላግላል። ባለ ማንገቻ ሱሪ የለበሰው ክንዱ ከገላው ተለይቶ እንዲታይ ነው። በእኛ ካሴት ላይ ያለው ትንሹ ማሪዮ 16 ፒክስል በ16 ፒክስል ነው፤ ቀለሙም ሦስት ብቻ። ሆኖም ግን ከአግዳሚው መጨረሻ፣ በሚንቀጠቀጥ ቲቪ ላይ፣ ማን እንደሆነ የጠፋው ልጅ አልነበረም።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ኮንዶ የተጠቀመው አራት የድምፅ መስመር ነው፤ ሁለቱ ለዜማ፣ አንዱ ለባስ፣ አንዱ ከበሮ ለሚመስለው የ«ሽሽ» ድምፅ። መጀመሪያ የደረሰውን ሙዚቃ ከማሪዮ አረማመድ ጋር አልሄድ ስላለው ጥሎታል፤ አሁን የምናውቀው ጨዋታውን እያየ እንደገና የሠራውን ነው። ማሪዮ ሲዘል ወይም ሳንቲም ሲያነሳ የሚሰማው ድምፅ የራሱ መስመር የለውም፤ ከዜማው መስመሮች አንዱን ለቅጽበት ይቀማል። ሙዚቃው በዚያች ቅጽበት ይጎድላል ማለት ነው። ጎደለብኝ ያለ ሰው ግን አላውቅም፤ በጎደለው ቦታ የገባው የገዛ ጣታችን ድምፅ ነዋ። ሰዓቱ ከ100 ሲያንስ ደግሞ ሙዚቃው በእጥፍ የሚሮጥ ይመስላል። ቁጥሩን ማየት አያስፈልግም፤ ልብ ቀድሞ ይሰማል። ቲቪው ሥዕሉ ተበላሽቶ ድምፁ ብቻ የቀረበት ቤት እንኳ ከደጅ የቆመ ልጅ ውስጥ ያለው ተጫዋች ምን ላይ እንደደረሰ መናገር ይችል ነበር።

ጥበብ ሁሉ ደግነት አይደለም። እነዚሁ ሰዎች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ጃፓን ውስጥ ሁለተኛውን ክፍል አወጡ። ገና በመጀመሪያው ስቴጅ ከሣጥን የሚወጣ መርዛማ እንጉዳይ አለበት። የመጀመሪያው ጨዋታ «አትፍራው» ያለውን ሁለተኛው «ማን እመነው አለህ?» ይለዋል። የመጀመሪያውን ለጨረሱ፣ እጃቸው ለሰላ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ በራሱ ቤት ትክክል ነው፤ አሠራሩም ሞያ አለው። ግን ቢጫው ካሴት ላይ መጀመሪያ ያገኘነው እሱን ቢሆን ኖሮ ሳንቲማችንን ይዘን ወደ ጆተኒው እንመለስ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ጨዋታ ልመለስ። የደረሱበትን አያስቀምጥም። መብራት ሄደ ማለት ሰባተኛው ዓለም የደረሰውም፣ አንደኛው ላይ ያለውም እኩል ሆኑ ማለት ነው። ለዚህ ሠሪዎቹ ያበጁት መላ ከመላው ሥራቸው ሁሉ ደፋሩ ነው። በ1-2፣ ማለትም በአንደኛው ዓለም ሁለተኛ፣ ከመሬት በታች ባለው ስቴጅ መጨረሻ ላይ፣ መውጫ ቱቦ አለ። በቱቦው የወጣ በሥርዓቱ ይቀጥላል። ጣሪያው ላይ ዘሎ የወጣ ልጅ ግን ውጤትና ሰዓት በተጻፈበት ከፍታ፣ ጨዋታው የማይደረስበት በሚመስለው ጠርዝ ላይ እየሮጠ መውጫውን አልፎ ይሄዳል። እዚያ ሦስት ቱቦዎች ይጠብቁታል፤ ወደ አራተኛው፣ ወደ ሦስተኛውና ወደ ሁለተኛው ዓለም። በ4-2 ደግሞ ወደ ስምንተኛው የሚያደርስ ሌላ አለ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው መብራት በተመለሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደነበረበት አካባቢ ይደርሳል። ይህ ምስጢር ከሰፈር ሰፈር የተሻገረው በአፍ ነው፤ መጽሔት የለ፣ ኢንተርኔት የለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአክስት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ልጅ ከሌላ ሰፈር ይዞት ይመጣል፤ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ጆይስቲኩ አንድ ነገር ብቻ። በግራ አውራ ጣት የምትጫነዋ መስቀል የጉንፔይ ዮኮይ ሥራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ለኪስ ጨዋታ ሠራት። ከሥሯ ካርቦን የተቀባ ጎማ አለ፤ ሲጫኑት ሰሌዳውን ይነካና ኤሌክትሪኩን ያገናኛል። መሐሏ ላይ ጉብታ ስላለ አንድ ወገን ሲጫን ሌላው ይነሳል፤ ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ መጫን አይቻልም። ርካሾቹ ቅጂዎች ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው ያ ጎማ ነበር። ጥገና የሚሞክሩ ልጆች ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በትንሹ ቆርጠው ለጥፈውበት ነፍስ ይዘሩበታል። ይህም ሞያ ነው።

ጠመንጃውን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የሚረቀው እሱ ስለሆነ ነው። ከማሽኑ ጋር በገመድ የሚመጣ የፕላስቲክ ሽጉጥ ነበር፤ ጨዋታው «ዳክ ሃንት»፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የዳክዬ አደን። ከጠመንጃው ምን ይወጣል በሚል በአግዳሚው ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ጨረር ነው ያሉ ነበሩ። ከጠመንጃው ምንም አይወጣም። አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን የሚለይ ትንሽ ዓይን አለች፤ ጠመንጃው ይቀበላል እንጂ አይተኩስም። ምላጩ ሲሳብ ማሽኑ ስክሪኑን በሙሉ ለአንድ ፍሬም፣ ለሴኮንድ 50ኛ ወይም 60ኛ ያህል ጊዜ፣ ጥቁር ያደርገዋል። በሚቀጥለው ፍሬም ዳክዬዋ በነበረችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይስላል፤ የቀረው ጥቁር ነው። ያቺ ዓይን በመጀመሪያው ጨለማ፣ በሁለተኛው ብርሃን ካየች ተመትታለች። ዳክዬዎቹ ሁለት ከሆኑ ነጩ ሳጥን ለአንዷ ከዚያም ለሌላዋ በየተራ ይሳላል፤ ማሽኑ የትኛዋ እንደተመታች የሚያውቀው በየትኛው ፍሬም ብርሃን እንዳየ ቆጥሮ ነው። ጥቁሩ ፍሬም ደግሞ ለአጭበርባሪ የተዘጋጀ ነው፤ ጠመንጃውን ጣሪያው ላይ ወዳለው አምፖል ያዞረ ልጅ ጨለማ መሆን በሚገባው ቅጽበት ብርሃን ስለሚያሳይ ይያዛል። በዚያ ዘመን የዚህን ሁሉ ሙግት የምናየው ብልጭ ብሎ በሚጠፋ አንድ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ጉድ ልጨምር፦ አንድ ዳክዬ ብቻ በሚወጣበት ጨዋታ ሁለተኛውን ጆይስቲክ የያዘ ሰው ዳክዬዋን እንደፈለገ ያበራታል። «ዛሬስ እጄ ምን ነካው» እያለ የሚናደድ ታላቅ ወንድም ያለው ታናሽ ይህን ባያውቅ ይሻለዋል።

ይህ ሥራ የቆመው በአሮጌው፣ ወፍራሙ፣ ባለ መስታወት ቱቦ ቲቪ ላይ ነው። የዚያ ቲቪ ሥዕል ከማሽኑ በወጣበት ቅጽበት መስመር በመስመር ይሳላል፤ የጠመንጃው ዓይንም ለዚያ ርግብግቢት የተቃኘች ናት። ጠፍጣፋው ቲቪ ሥዕሉን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ዘግየት አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ብርሃኑም በሌላ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ማሽኑ ነጩን ሳጥን ሲጠይቅ ጠመንጃው የሚያየው ነገር አያገኝም። ማሪዮን ዛሬ በስልክም በኮምፒውተርም መጫወት ይቻላል፤ ዳክዬዎቹን በዚያ ጠመንጃ መምታት ግን ያለ ወፍራሙ ቲቪ አይቻልም። እንግዲህ ከአልጋ ሥር ወይም ከዕቃ ቤት የተረሳ አንድ ወፍራም ቲቪ ያላችሁ፣ ቆራሌው በደጃችሁ ሲጣራ ቶሎ ብላችሁ አታውጡለት። መጀመሪያ ጠመንጃው የት እንደገባ ፈልጉ።